ሁሉም ይቅደም ካላችሁ ማን ይቆይ?

«ኪውኦኤስ አስገባን፤ ኢንተርኔቱ ግን ያው ነው» አሉኝ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ራውተር እየገረመሙ።

«ታክሲ ሳይጨምሩ ተራ አስከባሪ ቀጥረው ምን ጠበቁ?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ገብቷቸው ዝም ያሉ እንዳይመስላችሁ፤ ለተራ አስከባሪው የከፈሉት ትዝ ብሏቸው ነው።

የቢሮው መስመር በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት ያወርዳል፣ 4 ሜጋ ቢት ይሰቅላል። የኪውኦኤስ ደንብ የቱንም ያህል ቢራቀቅ 4ቱን 5 አያደርጋቸውም። ሥራው ሌላ ነው፦ መስመሩ ሲሞላ የትኛው ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ቀድሞ ይውጣ፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይጣል የሚለውን መወሰን። መስመሩ ካልሞላማ ሥራ የለውም። ታክሲው ባዶ ቆሞ ሳለ ተራ የሚያስከብር ካያችሁ፣ እሱ የሚያስከብረው ደመወዙን ነው።

ሥራ አስኪያጁ ግን ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ቅድሚያ የሚያገኙትን በወረቀት ጽፈው ለአይቲው ልጅ ዘረጉለት። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ቅድሚያ። የዙም ስብሰባ ቅድሚያ። የጥበቃ ካሜራው ቅድሚያ። ኢሜይል ቅድሚያ። የሳቸው ስልክ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ ቅድሚያ።

ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«የሚቆዩትን።»

«የሚቆይ የለም፤ ሁሉም አስቸኳይ ነው።»

«እንግዲያውስ ጨርሰናል ጋሼ። ራውተሩ ድሮም እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

እዚህ ላይ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ቅድሚያ መስጠት ምርቃት ያስገኛል፤ የሚቆየውን በስም መጥራት ቂም ያተርፋል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚከሽፈው የትራፊክ ደንብ ራውተሩ አልችልም ብሎ አይደለም፤ «አንተ ትንሽ ቆይ» የሚል ደፋር ጠፍቶ ነው። ካሜራው ይቆይ ሲሉት የጥበቃ ኃላፊው ይነሳል። የፋይል ቅጂው ይቆይ ሲሉት ኦዲተሯ ትነሳለች። ስለዚህ ሁሉም ይቀድማል፤ ሁሉም ቀድሞም ይኸው ሁሉም ቆሟል።

የሽያጭ ክፍሏ ልጅ ገባች። «ደንበኛ ሳናግር ድምፄ እንደ ሮቦት ይቆራረጣል። ባንድዊድዝ ይጨመርልኝ!»

«ስንት ልጨምርልሽ?» አላት የአይቲው ልጅ።

«እኔ እንጃ፤ ብዙ!»

«ወሬሽ እንኳ ብዙ ነው፤ ድምፅሽ ግን ትንሽ ነው የሚበላው» አላት።

እውነቱን ነው። የተለመደው የቢሮ ስልክ አሠራር፣ ጂ 711 የሚባለው፣ ድምፅን በሰከንድ በ64 ኪሎ ቢት ይቀዳል። በ20 ሚሊ ሰከንድ እየቆረጠ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል። እያንዳንዱ ፓኬት 160 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ አድራሻውና ሌላው ጽሕፈት 40 ባይት ይጨምራል። ድምሩ በሰከንድ 80 ኪሎ ቢት ነው። በሒሳቡ ብቻ ከሄድን 4 ሜጋ ቢት የሚሰቅለው መስመር 50 እንዲህ ያለ ጥሪ ይሸከማል።

«50 ሰው የሚችል መስመር አንዲት ልጅ እንዴት አቃተችው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ካሜራዎ ከፊቷ ቆሞ።»

ካሜራው የቀረጸውን ወደ ውጭ ይሰቅላል። መውጫው ላይ ያለው ሞደም አንድ ሜጋ ባይት የሚያህል ማቆያ አለው እንበል። አንድ ሜጋ ባይት 8 ሜጋ ቢት ነው፤ በ4 ሜጋ ቢት መስመር ተራግፎ ለማለቅ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ ጂ 114 በተባለው ምክሩ፣ ለንግግር የሚመቸው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ያለው ነው ይላል። ልጅቷ «ሀሎ» ያለችው ደንበኛው ጆሮ ሲደርስ፣ እሷ ተስፋ ቆርጣ «ኔትወርክ የለም መሰለኝ» ብላ ዘግታለች። ድምፅ የሚፈልገው ስፋት አይደለም፤ ሰዓት ነው። ካሜራው ደግሞ ስፋት እንጂ ሰዓት አይፈልግም፤ የሌሊቱን ምስል አሁን ቢሰቅለው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቢሰቅለው ሌባው ያው ሌባ ነው። የደንብ አጻጻፍ ሁሉ የሚጀምረው እነዚህን ሁለቱን ከመለየት ነው።

መለየቱ ነው እንግዲህ ጉዱ። ራውተር ፓኬቱን ሲያይ የሚያውቀው ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ፕሮቶኮልና በየትኛው ፖርት እንደሆነ፣ ግንባሩ ላይ ምን ምልክት እንዳለ ነው። ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የተመሰጠረ ነው፤ አያነበውም። ቢሮው የጠራው አማካሪ ግን በዚህ አልተጨነቀም።

«443ን ከሁሉም በታች አድርጌዋለሁ፤ ዩትዩብ ነው» አለ።

«ባንኩስ በስንት ነው የሚሄደው?» አለው የአይቲው ልጅ።

«በ443።»

«በብራውዘር የምንከፍተው ኢሜይል?»

«በ443።»

«ቴሌግራም?»

«እሱም ብዙ ጊዜ በ443።»

«ታዲያ ዩትዩብን ከማን ለየኸው?»

«ከፕሪንተሩ» አልኩ እኔ።

አንድ ዘመን በፖርት ቁጥር ሰው ይታወቅ ነበር። 25 ኢሜይል፣ 53 ዲኤንኤስ፣ 80 ድረ ገጽ፣ 5060 የስልክ ጥሪ መክፈቻው ሲፕ። ቢትቶረንት እንኳ ጨዋ በነበረ ጊዜ ከ6881 እስከ 6889 ይቀመጥ ነበር፤ እዚያ ላይ ደንብ መጣል ሲጀመር ቁጥሩን ቀየረ፣ ቀጥሎም ራሱን መሰጠረ። ዛሬ ሁሉም በ443 በር ይገባል። ይባስ ብሎ ኩዊክ የተባለው ፕሮቶኮል መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አርኤፍሲ 9000 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ጸድቆ፣ የስልክ ድምፅ በሚሄድበት በዩዲፒ ላይ ይሮጣል። «ዩዲፒ ማለት ድምፅ ነው» ብለው ዩዲፒን በሙሉ ከላይ ያስቀመጡ የድሮ ደንብ ጸሐፊዎች አሁን ዩትዩብን ከስልክ ጥሪው ጎን አስቀምጠውታል። ደንቡ የተጻፈው ለድምፅ ነበር፤ ዩትዩብ ግን አልጋ ላይ ወጥቷል።

ስለዚህ የሚለየው በሌላ ነው። የጠረጴዛ ስልኮቹን ለብቻቸው ቪላን (የተለየ ንዑስ ኔትወርክ) ላይ ማድረግና «ከዚህ የሚመጣ ሁሉ ድምፅ ነው» ማለት ከማንኛውም የፖርት ጥበብ ይበልጣል፤ ማንነቱን ሳይሆን መቀመጫውን አይቶ መፍረድ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ብቻ ፍትሐዊ ነው። ማይክሮሶፍት ቲምስም ለሚያስተዳድረው ሰው ይታዘዛል፦ ድምፅ ከ50000 እስከ 50019፣ ቪዲዮ ከ50020 እስከ 50039፣ ስክሪን ማጋራት ከ50040 እስከ 50059 ባለው የመነሻ ፖርት እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ይህን ስነግረው አማካሪው ማስታወሻ ያዘ። ክፍያውን ግን ቀድሞ ይዞ ነበር።

ወደ ግንባሩ ምልክት እንምጣ፤ ተረብ የሚፈላው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አርኤፍሲ 791 በእያንዳንዱ ፓኬት ራስጌ ላይ «የአገልግሎት ዓይነት» የሚል አንድ ባይት ትቶ ነበር። በ1998 አርኤፍሲ 2474 ያንን ቦታ አጽድቶ ስድስት ቢት ዲኤስሲፒ አደረገው። ስድስት ቢት ማለት 64 ቁጥር ነው። 0 ተራው ሰው ነው። 46 የከፍተኛ ጥድፊያ ቁጥር ነው፤ ድምፅ የሚጻፍበት። ችግሩ ቁጥሩን የሚጽፈው ማን ነው? ላኪው ራሱ!

ማዕዘን ላይ የተቀመጠው ወጣት በምሳ ሰዓት ጌም ይጫወታል። ፓኬቶቹ በሙሉ 46 ናቸው።

«46 ማን ሰጠህ?»

«ራሴ።»

«ምን ሆነህ?»

«ቸኩዬ።»

«የሰኞውን ሪፖርት ስትባል ግን 0 ነህ» አሉት ሥራ አስኪያጁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲኤስሲፒ ገባቸው።

መሐንዲሶች ራሳቸው በዚህ ነገር የጻፉትን ተረብ የሚያክል እኔ አልጽፍም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2003 ስቲቨን ቤሎቪን አርኤፍሲ 3514ን አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በፓኬቱ ራስጌ ላይ ያለችው አንዲት ሥራ ፈት ቢት «የክፋት ቢት» ትሁን። ተንኮል የያዘ ፓኬት ቢቱን 1 ያድርግ፤ ንጹሑ 0 ያድርግ። ፋየርዎል 1ን ሲያይ ይጥላል፤ የዓለም ጸጥታ ተጠበቀ! የኔትወርክ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቅባታል። ሌባ «ሌባ ነኝ» ብሎ ይመዘገባል ወይ እያለ ይስቃል።

ስቆ ሲያበቃ ወደ ስዊቹ ይመለስና «የመጣውን ዲኤስሲፒ እመን» የሚለውን ትእዛዝ በየፖርቱ ይጽፋል። ልዩነቱን የሚነግረኝ ካለ ልስማ! «ክፉ ነኝ በል» የሚለው ቀልድ ከሆነ፣ «አስፈላጊ ነኝ በል» የሚለው በምን ቁም ነገር ሆነ? ክፉ ነኝ የሚል ባይገኝም፣ አስፈላጊ ነኝ የማይል ደግሞ ከየት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ2019 በአርኤፍሲ 8622 ለተገላቢጦሹም ቁጥር ወጥቶለታል፤ ቁጥር 1። «እኔ ከሁሉም ኋላ ልሁን፤ ቦታ ከተረፈ ብቻ አሳልፉኝ» ማለት ነው። ራሱን 46 ያደረገ ሞልቷል። ራሱን 1 ያደረገ የቢሮ ሠራተኛ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝ ፎቶ አነሳዋለሁ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ከሠራተኛው ኮምፒውተር የሚመጣውን ምልክት በር ላይ ወደ 0 መልሶ፣ ከዚያ በራስ ደንብ አዲስ ቁጥር መስጠት። ማመን ያለብን ራሳችን የጻፍነውን ብቻ ነው። እሱንም እስከ በሩ ድረስ።

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ወኪላችንን ሳናግር 46 ሆኜ ነው የወጣሁት፤ ለምን ይቆራረጣል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እዚህ ሥራ አስኪያጅ ነዎት። ከበሩ ሲወጡ ማን ያውቅዎታል?»

እንዲያ ነው። በክፍት ኢንተርኔት ላይ አቅራቢዎች የሌላ ሰው ምልክት የማክበር ግዴታ የለባቸውም። ብዙዎቹ ችላ ይሉታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጠርጎ 0 ያደርገዋል። ሥልጣናችን የሚያልቀው የራሳችን ገመድ በሚያልቅበት ነው።

የሚያወርደውም አቅጣጫ እንደዚሁ ነው። አማካሪው «ዩትዩብ ሲወርድ እዚህ ራውተር ላይ አሰልፈዋለሁ» አለ። ሲደርስማ ሰልፉ አልቋል። ከኛ የሚወጣውን ማሰለፍ እንችላለን፤ ወደኛ የሚመጣው ግን የተሰለፈው ከመስመሩ ወዲያ ማዶ፣ በአቅራቢው በኩል ነው። ደርሶ እጃችን የገባን ፓኬት «ቆይ» ማለት፣ ምግቡን በልቶ ለጨረሰ እንግዳ ተራህን ጠብቅ ማለት ነው።

ለሁለቱም አቅጣጫ መውጫው አንድ ነው፤ ሰው የሚጣላበትም እሱ ነው። ልጁ ራውተሩን ወደ ታች 18፣ ወደ ላይ 3.6 ሜጋ ቢት ላይ ገደበው።

«20 ከፍዬ 18 ትሰጠኛለህ? 2ቱን ማን በላው?»

«አልተበላም ጋሼ። በ2ቱ ሰልፉን ወደ ቤት አመጣነው።»

«ሰልፍ ደግሞ በገንዘብ ይመጣል?»

«እስካሁን ሰው ቤት ተሰልፈው ነበር፤ አሁን በቤትዎ ይሰለፋሉ።»

ይኼን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ግድ የለም። ሰልፍ የሚፈጠረው ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። ራውተራችን ከመስመሩ የበለጠ ከላከ፣ ጠባቡ ቦታ ሞደሙ ወይም አቅራቢው ጋ ይሆናል። እዚያ ያለው ማቆያ የኛን ደንብ አላነበበም፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፣ ድምፁም ካሜራውም በአንድ መስመር። የኛ ራውተር ግን ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ከ85 እስከ 95 በመቶ ላይ፣ ራሱን ጠባብ ካደረገ ሰልፉ እሱ ጋ ይፈጠራል። ሰልፉ ባለበት ነው ደንብ የሚሠራው። ሰልፍ በሌለበት የተጻፈ ደንብ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው። ለሚወርደውም ቢሆን፣ እኛ ጋ ትንሽ ሲዘገይና ሲጣል ላኪው ቲሲፒ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አቅራቢው ጋ ያለው ማቆያም ባዶ ይሆናል። ፍጹም አይደለም፤ ከማዶ ለሚመጣ ግን ከዚህ የተሻለ እጅ የለንም።

ይህ በማቆያ ማበጥ የሚመጣ ሕመም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገደማ፣ ከኤክስ ዊንዶው ሥርዓት ደራሲዎች አንዱ በሆነው በጂም ጌቲስ ነው። መንስኤው ደግነት ነበር ቢባል ይቀላል። ሜሞሪ ረከሰ፤ አምራቾቹ ፓኬት መጣል ነውር መሰላቸውና ማቆያውን አሰፉት። ቲሲፒ ግን ፓኬት ካልተጣለበት መስመሩ መሙላቱን አያውቅም፤ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ እስኪሞላ ይጨምራል። ማንም «በቃህ» ስላላለው ነው። ይሉኝታ ቢሮ ብቻ አይደለም የሚያበላሸው።

አሁን ሥራ አስኪያጁ ሞቅ አላቸው። «እሺ፣ ሰልፉ እዚህ ከሆነ፣ ስብሰባዬን ከሁሉም በላይ አድርግልኝ። ገደብ የሌለው ቅድሚያ!»

«እርስዎ ሲሰበሰቡ ሌላው ምን ይሁን?»

«ይጠብቅ።»

«የእርስዎ ስብሰባ የሚያልቅ መስሎዎት?»

ፍጹም ቅድሚያ ማለት ላይኛው ሰልፍ ባዶ እስኪሆን ታችኛው አንድ ፓኬት አያወጣም ማለት ነው። በ3.6 ሜጋ ቢት ላይ ሦስት ሰው ቪዲዮ ከከፈተ ታችኛው በረሃብ ያልቃል። 46ን የሚገልጸው አርኤፍሲ 3246 ራሱ ለዚህ ክፍል ገደብ ሊኖረው እንደሚገባ ያስቀምጣል፤ ሲስኮም በቅድሚያ ሰልፉ ላይ ጣሪያ ያበጃል፣ መስመሩ ሲሞላ ከጣሪያው ያለፈው ይጣላል። ቅድሚያ ያለ ጣሪያ ጥራት አይደለም፤ ወረራ ነው። ቅድሚያው ለድምፅ፣ ያውም ለጥቂት ጥሪ በሚበቃ ጣሪያ፤ ቪዲዮው ድርሻ ይሰጠው እንጂ ዙፋን አይሰጠው።

አማካሪው ይኼን ሁሉ ሰምቶ «እኔም እኮ ጽፌዋለሁ» አለ። ላፕቶፑን ከፈተ። የደንብ ብዛት! ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሏል።

ቆጣሪዎቹን አየን። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

«ለምን አይቆጥርም?»

«የመጀመሪያው ደንብ ምን ይላል?»

«ማንኛውም ፓኬት ወደ ተራው ክፍል ይሂድ።»

«የቀሩት ደንቦች ምን ፓኬት ተረፋቸው?»

ደንብ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው ይወስዳል። ሁሉን አቀፉ ደንብ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይቀመጥም። ይህ ተራ ስሕተት ነው፤ የረቀቁትም አሉ። ሲስኮ ላይ የመለያ ክፍል ሲፈጠር፣ ካልነገሩት በስተቀር፣ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች በሙሉ እንዲሟሉ ይጠይቃል። በአንድ መስመር 46፣ በሌላ መስመር 34 ብሎ የጻፈ ሰው የሚጠብቀው 46ም 34ም የሆነ ፓኬት ነው። እንዲህ ያለ ፓኬት ገና አልተወለደም። ማይክሮቲክ ላይ ደግሞ ፋስትትራክ የሚባል የአቋራጭ መንገድ አለ፤ ከፋብሪካው ውቅር ጋር ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይመጣል። በሱ የሚያልፍ ግንኙነት የምልክት ደንቡንም አጠቃላዩን የሰልፍ ዛፍም ዘሎ ይሄዳል፤ ቆጣሪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ፓኬት ቆጥሮ ይተኛል። ደንቡ ትክክል፣ ምልክቱ ትክክል፤ ፓኬቱ ግን በጓሮ ወጥቷል።

የአማካሪውን ሌላ ራውተር ደግሞ ከፈትን። ሲስኮ ነው። ክፍሎቹ ተጽፈዋል። ፖሊሲው ተጽፏል። ያምራል። ነገር ግን ፖሊሲውን ከኢንተርፌሱ ጋር የምታገናኘው አንዲት መስመር የለችም።

«ፖሊሲውማ ወጥቷል» አለ አማካሪው።

«ወጥቷል፤ አልተተገበረም» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ በዚህ ዓይነት ነገር የዕድሜ ልክ ልምድ ባላቸው ድምፅ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

በነገራችን ላይ መለየት ለማስቀደም ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ዱባይ የምትሠራ እህት ያለችው ሁሉ ያውቀዋል፦ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጽሑፍና ፎቶ ያልፋል፣ የድምፅ ጥሪው ግን ለዓመታት ታግዶ ቆይቷል፤ ፈቃድ ባለው ሌላ መተግበሪያ ደውሉ ይባላል። ያም የትራፊክ መለያ ደንብ ነው። ድምፁን ከጽሑፉ በጥንቃቄ ለይቶ ክፍል ይሰጠዋል፤ የተሰጠው ክፍል «ይጣል» የሚል ሆኖ ነው እንጂ። ናፍቆት 46 ሆኖ ሄዶ ከክፋት ቢት ጋር አንድ ላይ ተጣለ።

ልጁ የአማካሪውን ደንብ እያጠፋ ሳለ «ግማሹን እንኳ ተውለት» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ በነፃ የሚሠራ አለ።»

አለ። ጆን ኔግል እ.ኤ.አ. በ1985 በአርኤፍሲ 970 እያንዳንዱ ላኪ የየራሱ ሰልፍ ይኑረውና ራውተሩ በዙር ያስተናግዳቸው አለ። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጄከብሰን በ2012 ኮዴል የተባለውን ዘዴ አመጡ፦ የሰልፉን ርዝመት ተወው፤ ፓኬቱ የቆየበትን ሰዓት ተመልከት። ቆይታው ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊ ሰከንድ በታች ሳይወርድ ከቀረ መጣል ጀምር። ሁለቱ ተጋብተው ኤፍኪው ኮዴል ሆኑ፤ በ2018 አርኤፍሲ 8290 ሆኖ ወጣ፤ ሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ኦፕንደብልዩአርቲ ላይም ይጫናል። ማንንም ምልክት አይጠይቅም። በቀጭኑ የሚመጣ፣ ማለትም ድምፅ፣ ዲኤንኤስ፣ በኪቦርድ የሚጻፍ ፊደል፣ አዲስ እንግዳ ተብሎ ቶሎ ያልፋል፤ በጅምላ የሚመጣው በገዛ ሰልፉ ይገፋፋል። ማንነትህን አይጠይቅህም፤ አመልህን ያይሃል።

«20 ግንኙነት ከፍቶ የሚያወርድስ? 20 ድርሻ ሊወስድ ነው?» አለ ጌም ተጫዋቹ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ሁላችንም ገብቶናል።

«ለሱም ኬክ አለ» አለው ልጁ። «ስሙ ነው፤ አትነሳ። በየኮምፒውተሩ ቆጥሮ ነው የሚያካፍለው፤ 20 ብትከፍትም አንድ ሰው ነህ።»

አማካሪው ግን አኮረፈ። «ታዲያ ደንብ ጸሐፊ ለምን ይቀጠራል?»

«አንዲቷን ቁጥር በትክክል እንዲሞላ።»

ያቺ ቁጥር የመስመሩ ፍጥነት ናት። በየቤቱ ያለውን «የጌም ራውተር» ተመልከቱ፤ አንቴናው ስምንት፣ ገጹ ላይ «ጥራት» የሚል ቁልፍ አለው። ባለቤቱ ቁልፉን ይጫናል፤ «የመስመርዎ ፍጥነት?» ሲለው 1000 ይሞላል። 20 ሜጋ ቢት መስመር ላይ 1000 የሞላ ሰው ራውተሩን «ሰልፍ የለም» ብሎ አሰናብቶታል። ምኞቱን ነው የጻፈው።

ዋይፋዩን ደግሞ እንዳትረሱት። አየሩ ላይም ሰልፍ አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 2005ቱ 802.11ኢ ጀምሮ ለድምፅ፣ ለቪዲዮ፣ ለተራውና ለኋለኛው አራት ክፍል ተከፍሏል። ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ግድግዳ ጀርባ ተቀምጠው «ራውተሩ አይሰማኝም» ካሉ ግን ጥፋቱ የደንብ አይደለም፤ የወንበር ነው።

በመጨረሻ ልጁ ወረቀቱን ወሰደና ጀርባው ላይ ጻፈ። የስልኮቹ ቪላን፣ ድምፅ፣ ጣሪያ 400 ኪሎ ቢት፤ አምስት ጥሪ። የካሜራው ሰቀላ፣ የሌሊቱ የፋይል ቅጂ፣ የኮምፒውተሮቹ ማሻሻያ፣ ቁጥር 1፤ ይቆያሉ። የቀረው ሁሉ ተራ።

«ሦስት ብቻ?»

«ሦስት።»

«የኔ ስልክ የታለ?»

«ከቀረው ጋር።»

«ከተራው?»

«ተራውም ዛሬ አይጠብቅም ጋሼ። የሚጠብቁትን ጽፈናቸዋል።»

ካሜራው እየሰቀለ፣ ሒሳብ ክፍሏ ፋይል እየላከች፣ ጌሙም ሳይቋረጥ (ምሳ ሰዓት ነበር)፣ ልጁ ፒንግ ከፍቶ አሳያቸው። ቀድሞ በሺህ ይቆጠር የነበረው ሚሊ ሰከንድ አሁን ከሥራ ፈት መስመር ብዙም አይለይም። ሥራ አስኪያጁ ቁጥር አያምኑም፤ ደንበኛ ደወሉ። ደንበኛው ስለ ዘገየው ዕቃ ማስረዳት ጀመረ። በየመሃሉ «ሀሎ? ይሰማል? አሁን ይሰማል? ኔትወርኩ እንዴት ነው?» ይላሉ።

«ከኔ በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል ጋሼ» አላቸው ሰውየው። «ዕቃው ሳይደርስ ሦስት ሳምንት ሆነው ስልዎት ነው የማይሰሙኝ።»